ለአስታራቂ ሙዚየም ሲሠራ ከማን ይጀመራል?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ስመ ጥር አስታራቂ ሽማግሌ ሲያርፉ የሚሆነው ይታወቃል። ድንኳን ይጣላል። ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ሰው ይመጣል። ድሮ ደመኛ የነበሩ ሁለት ቤተሰቦች አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ጋቢያቸው ለአንዱ ልጅ፣ ከዘራቸው ለሌላው ይደርሳል። የያዟቸው ጉዳዮች ግን አብረዋቸው ይቀበራሉ። መዝገብ የለ፣ ፋይል የለ፣ ቅጂ የለ።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። ዕርቅ አሁን የመንግሥት ሰነድ ውስጥም ገብቷል። የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. ተቋቋመ። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ፤ ለባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶችም ቦታ ሰጥቷል። መሬት ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያየ፣ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የተኩስ ድምፅ እየሰማ ያደረ ሰው ይህን ለማወቅ የማንንም ትንታኔ አይጠብቅም። እንዲህ ባለ ጊዜ «ለሰላም ሰዎች መታሰቢያ እንሥራ» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጥያቄው ንድፉ ከየት ይጀምራል የሚለው ነው።

አካሄዳችንን እናውቀዋለን። ኮሚቴ ይዋቀራል። መሠረተ ድንጋይ ይቀመጣል። መግቢያው ላይ ሐውልት፣ ውስጡ ትልልቅ ፎቶ፣ ጥግ ላይ የምስክር ወረቀትና ዋንጫ። ጎብኚው ዞር ዞር ብሎ «ትልቅ ሰው ነበሩ» ይልና ይወጣል። ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ግን አይገባውም። በእኔ እምነት የሰላም ሰው ሙዚየም መነደፍ ያለበት ካስታረቃቸው ሰዎች ተነስቶ ነው። ሰውየው ኋላ ይደርሳል።

ሌላው ዓለም እንዴት እንደሠራው ማየት ይጠቅማል። ሕንድ ውስጥ፣ አሕመዳባድ ከተማ፣ በሳባርማቲ ወንዝ ዳር ጋንዲ የኖረበት ግቢ አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1930 የጨው ግብርን ተቃውሞ በእግሩ የተነሳው ከዚያ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ አርክቴክቱ ቻርልስ ኮሪያ የነደፈው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1963 ተመረቀ። ትልቅ አዳራሽ የለውም። ስድስት ሜትር በስድስት ሜትር የሆኑ ትንንሽ ክፍሎች ናቸው የተደረደሩት። አንዳንዱ ግድግዳ አለው፣ አንዳንዱ ክፍት ነው። የጡብ ምሰሶ፣ የሸክላ ጣሪያ፤ መስኮቱ መስታወት የለውም፣ የእንጨት መዝጊያ ብቻ ነው። ዕቃው ሁሉ በግቢው ውስጥ ካሉት አሮጌ ቤቶች ጋር የሚሄድ ነው። ሽርጥ ለብሶ የኖረን ሰው በእምነበረድ አላለበሱትም።

ይህ ለእኛ የሚጠቅም ትምህርት ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያስተምረን። ጋንዲ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ሙዚየሙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎቹን ይዟል። የእኛ አስታራቂ ደብዳቤ አልጻፉም። ብዙዎቹ ፊርማቸው የአውራ ጣት ነው። የእሳቸው ሥራ ያለው በሌላ ሰው ትዝታ ውስጥ ነው። ስለዚህ የእኛ ሙዚየም ዕቃ ከመሰብሰቡ በፊት ሰው መፈለግ አለበት።

እስቲ ሥራው ምን እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ሰው በድንበር ወይም በመስኖ ውኃ ተጣልቶ ሰው ገደለ እንበል። ገዳይ ይሸሻል። ቤተሰቡ ገበያ መውጣት ይፈራል። የሟች ወንድም ጠመንጃውን ይወለውላል። ለቅሶ ላይ የሚወርደው ሙሾ ራሱ «ወንድ የለም ወይ» የሚል ነገር አለበት። ፉከራውም ደም መላሹን ነው የሚያወድሰው። ልጁ ባይፈልግ እንኳ ሰፈሩ ይገፋዋል።

ሽማግሌዎቹ የሚገቡት እዚህ መሃል ነው። መጀመሪያ ሲሄዱ «ግቡ» አይባሉም። ደጅ ቆመው ይመለሳሉ። እንደገና ይሄዳሉ። ቄሱ መስቀል ይዘው ይጨመራሉ፤ ቆላ ከሆነ ሼኩ ይጨመራሉ። አንድ ቀን «እስቲ ልምከርበት» የሚል ቃል ይወጣል። ሽማግሌ ያቺን ቃል ይዞ ነው የሚመለሰው። ከዚያ ዋስ ይጠራል፤ የደም ካሳ ይቆረጣል። ካሳው አነሰ ብሎ የሚነሳ አጎት አይጠፋም፤ እሱን ደግሞ ለብቻው የሚያነጋግረው ሰው ይፈለጋል። ቀኑ ሲደርስ ሁለቱ ወገኖች ሜዳ ላይ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ገዳይ በባዶ እግሩ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። ጉልበት ይስማል። ይማላል፤ ያስምላሉ። አብረው ይቆርሳሉ።

ይህን ሙዚየም ውስጥ እንዴት ታስገባዋለህ? ድንጋዩ ከተጣለ በኋላ እንደማንኛውም ድንጋይ ነው። መስታወት ሥር ብታስቀምጠው ለጎብኚ ምንም አይለውም። ኃይሉ ያለው በርቀቱ፣ በመጠበቁ፣ «ግቡ» ባለመባሉ ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው አርክቴክት የሚያስፈልገው። እኔ ብሆን ሁለት በር እሠራለሁ። በአንዱ የገባ ታሪኩን ከሟች ወገን ይሰማል፤ በሌላው የገባ ከገዳይ ወገን። ሁለቱም መንገድ ጠባብና ረጅም ይሁን። የሚገናኙት ጣሪያ በሌለው መሃል ግቢ ነው፤ ሁለት ረጃጅም መደብ፣ በመሃላቸው ባዶ ሜዳ። ሽማግሌውን ጎብኚው የሚያገኛቸው እዚያ ነው፣ መጨረሻ ላይ። ከዘራቸውና በርኖሳቸው ከተገኘ እዚያው ይቀመጥ። ትንሽ ቲያትር ቲያትር ይሸታል፣ አይካድም። ቢሆንም ከሐውልት ይሻላል።

ትልቁ ችግር ግን የግንብ አይደለም። ደም ሲደርቅ፣ ደረቀ ማለት ነው። ከመሐላው በኋላ ጉዳዩን ማንሳት ነውር ነው። ሙዚየም ደግሞ ሥራው ማንሳት ነው። የሟችን ስም፣ የገዳይን ስም፣ የቀበሌውን ስም ግድግዳ ላይ ጽፈህ ብትሰቅል ሽማግሌዎቹ በስንት ልመና የዘጉትን በር መልሰህ ከፈትክ። የልጅ ልጅ በትምህርት ቤት ጉብኝት መጥቶ የአያቱን ገዳይ ስም ቢያነብስ? ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ንድፍ ለሰላም ተሠርቶ ጠብ ይጭራል።

«እንግዲያውስ ዝም ማለት ነው» የሚል ይኖራል። ዝምታም ዋጋ አለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ያልተነገረው ነገር ቡና ላይ፣ አረቄ ቤት፣ አሁን ደግሞ ቲክቶክ ላይ በአንድ ወገን ብቻ ሲነገር ይውላል። እዚያ ሽማግሌ የለም። ስለዚህ መፍትሔው በደረጃ መክፈት ይመስለኛል። ለሁሉም ሰው የሚታየው የዕርቁ ሂደት ነው፤ ያለ ስም፣ ያለ ቦታ። ሁለቱም ቤተሰቦች ተስማምተው ፈቃድ የሰጡበት ታሪክ ብቻ በስም ይነገራል። አንዱ እምቢ ካለ አይነገርም። የቀረው ተቀርጾ ይታሸግና አሁን በሕይወት ያሉት ካለፉ በኋላ ይከፈታል። ቤተ መዛግብት ለአሥርት ዓመታት ዘግተው የሚያቆዩት ሰነድ አላቸው፤ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

ሰውየውን ማጽዳትም ሌላ ፈተና ነው። ማንዴላን እንውሰድ፤ ታሪኩ ከእኛም ጋር ስለሚገናኝ። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ ኮልፌ የሽምቅ ውጊያ ሥልጠና ወስዷል። ሥልጠናውን ካመቻቹለት አዛዦች አንዱ ከሰላሌ የወጡት ታደሰ ብሩ ነበሩ። በስጦታ ሽጉጥም ይዞ ተመልሷል። ያንን ሽጉጥ ሪቮኒያ በሚባለው ሰፈር፣ ተደብቆ በነበረበት እርሻ ቀበረው። ከብዙ ዓመት በኋላ ቦታው ሙዚየም ሲሆን ሽጉጡ ተፈለገ፣ ተቆፈረ፣ አልተገኘም። የሚገርመው መፈለጉ ነው። የሰላም ኖቤል የተሸለመ ሰው ሙዚየም ሽጉጥ ፍለጋ መሬት ይቆፍራል! ልክ ናቸው። ማንዴላን ያለ ሽጉጡ ብታሳየው ለምን በኋላ ድርድር እንደመረጠ አይገባህም።

የእኛ ሽማግሌዎችም እንዲሁ ናቸው። አንዳንዶቹ በወጣትነታቸው ራሳቸው ደመኛ ነበሩ። ያልተሳካላቸው ዕርቅም አለ፤ ተማምለው የፈረሰ። አንድ ክፍል ለፈረሰው ዕርቅ ይሰጥ። ለምን ፈረሰ? ካሳው ሳይከፈል ቀርቶ ነው? ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለአንድ ወገን አድልቶ ነው? የተጠሩት ሽማግሌዎች ካድሬ ሆነው ነው? ይሄኛው ዛሬ በየቦታው የሚሰማ ቅሬታ ነው። ከዚያ ክፍል የሚወጣ ወጣት ከሁሉም ክፍል ይበልጥ ይማራል ብዬ አስባለሁ።

በሕይወት ላለ ሰው ሙዚየም ስለ መሥራት ብዙ ማለት አያስፈልግም። የምያንማሯ ፖለቲከኛ አውንግ ሳን ሱ ቺ እ.ኤ.አ. በ1991 የሰላም ኖቤል ተሸለመች። መንግሥቱን ስትመራ በአገሯ አናሳ ሙስሊሞች፣ በሮሂንጊያዎች፣ ላይ ከደረሰው ግፍ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የመብት ተሟጋቹ አምነስቲ የሰጣትን ትልቁን ሽልማት ነጠቃት። ሐውልት ቢሆን ኖሮ ማፍረስ ነበር። መጠበቅ አይጎዳም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አሜሪካ ውስጥ፣ ሜምፊስ ከተማ፣ የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለበት ሞቴል፣ ሎሬን ሞቴል፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ሙዚየም ሆነ። ያረፈበት 306 ቁጥር ክፍል እንደነበረ ተጠብቋል። ሞቴሉ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የመጨረሻዋ ተከራይ እ.ኤ.አ. በ1988 ተገደው ወጡ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ከመንገዱ ማዶ ተቀምጠው ሲቃወሙ ኖሩ። ክርክራቸው ቀላል ነው፦ ኪንግ የሞተው ለድሃ ሲታገል ነው፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለድሃው ቤትና ሥልጠና ይዋል። ሙዚየሙ ጥሩ ሙዚየም ነው። የሴትዮዋ ጥያቄም ጥሩ ጥያቄ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ይኸው ጥያቄ በግልጽ ይጠየቃል። ከተማዋ ከወለጋና ከሌላ ቦታ የተፈናቀሉ ሰዎችን በመጠለያ ይዛ ዓመታት አሳልፋለች። ሸራ ሥር ያለ ሰው «ለሰላም ሙዚየም» ሲባል ቢስቅ አይፈረድበትም። መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ ሙዚየሙ ራሱ የሰላም ሥራ የሚሠራበት ቦታ ካልሆነ አይሠራ። ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት፣ ጠበኞች ያለ ፍርሃት የሚመጡበት፣ እሳት የሚነድበትና ቡና የሚፈላበት ክፍል ይኑረው። ኤግዚቢሽኑ የቤቱ ግማሽ ቢሆን በቂ ነው።

ታዲያ የት ይሠራ? ደብረ ብርሃን ይቀላል። መንገድ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። አንኮበርም ስም አለው፤ ግን አንኮበር የነገሥታት ነው፣ ሽማግሌው እዚያ ይዋጣሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ወደ ቆላው ይውረድ። ጠቡ ያለበት እዚያ ነዋ። ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ ሲኬድ ያለውን የሰንበቴን የእሑድ ገበያ የሚያውቅ ያውቀዋል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ በአንድ ሜዳ ይገበያያሉ። ግመልና በርበሬ ጎን ለጎን ነው። ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ የሚዘጋው ገበያው ነው፤ ሰላም ሲወርድም መጀመሪያ የሚታወቀው ገበያው ተመልሶ ሲከፈት ነው። ወሎ ላይና በዚያ አካባቢ ያሉት አበጋሮችም፣ በምርቃታቸውና በእርግማናቸው የሚከበሩት አስታራቂዎች፣ ከዚህ ዓለም የወጡ ናቸው። ሰንበቴ በአስተዳደር የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው፤ አጣዬ ሰሜን ሸዋ። ድንበሩ ላይ መሥራት ማለት ሁለት አስተዳደር ማስማማት ማለት ነው። ቢሮክራሲው ያማል። ግን እዚያ ያልተስማማ ኮሚቴ ስለ ዕርቅ ምን ሊያሳይ ነው?

ጸጥታው አሁን አይፈቅድም የሚለው ክርክር እውነት ነው። ስለዚህ ቤቱ አይቸኩል።

ሴቶቹን መርሳት የለብንም። የአማራው ሽምግልና በአብዛኛው የወንድ ሸንጎ ነው። የሴቶቹ ሚና በጓዳ ነው፤ ልጅን ማለዘብ፣ ባልን ማባበል፣ አንዳንዴም በሙሾ ማነሳሳት። ሙዚየሙ ይህን ሳያለባብስ ያሳይ። ጎረቤት ኦሮሞው ዘንድ ሴቶች ሲንቄ የሚሉትን በትራቸውን ይዘው በጠበኞች መሃል ሲገቡ ጠቡ ይቆማል። ኬንያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትኖግራፊ ባለሙያው ሱልጣን ሶምጂ የማኅበረሰብ የሰላም ሙዚየሞች እንዲቋቋሙ አድርጎ ነበር። ትንንሽ የገጠር ቤቶች ናቸው፤ የሚሰበስቡት ዕርቅ የወረደበትን ዕቃ ነው፣ በትር፣ ዶቃ፣ ቀበቶ። ከእነዚህ አንዱ የፖኮት እናቶች ቀበቶ ነው። እናት ቀበቶዋን ፈትታ ከጣለች ልጅ ወደ ጦር አይሄድም። እንዲህ ያለ ዕቃ እኛ ጋም እናቶች ሳጥን ውስጥ ሊኖር ይችላል። እስካሁን የጠየቃቸው ሰው ግን አላየሁም።

ስለ ግንባታው ብዙም አልልም፤ ባለሙያ አለ። ሁለት ሦስት ነገር ግን ልጨምር። መስታወትና አልሙኒየም ለብሶ የሚያብረቀርቅ ሕንፃ አይሁን። የመንዝ ክብ የድንጋይ ቤት ስንት ዘመን ውርጭ ችሏል። ጣሪያው በጓሳ ሣር ይከደን። ጓሳው ላይ ደግሞ ጥሩ ነገር አለ፦ ማንም ተነስቶ አያጭደውም። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ ተስማምቶ እየከፈተ ያጭድ ነበር፤ አሁንም የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ ነው። ሙዚየሙ ሣር ቢፈልግ መለመን አለበት። ይለምን።

ውስጡ የሚቀመጠው ሱፍና ጥጥ ነው፤ በርኖስ፣ ባና፣ ጋቢ። ጠላቱ ብልና ፀሐይ ነው። ለጨርቅ የሚፈቀደው ብርሃን 50 ሉክስ ገደማ ነው፣ ደብዛዛ ማለት ነው። ስለዚህ ትንንሽ መስኮት፣ ወፍራም ግንብ። የመንዝ ቤት ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ድምፁም በትልልቅ ስክሪን ላይ አይንጠልጠል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ታሪክ የሚጠፋበት ቤት አንፈልግም። ታሪኩን በቃል የሚናገር አስጎብኚ ይቀጠር፤ ከሁለቱም ወገን። ማንዴላ በታሰረበት ሮቢን ደሴት ላይ እስር ቤቱን ሲያስጎበኙ የኖሩት እዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየምም ከዘመኑ የተረፉ ሰዎች ሲያስጎበኙ ታይቷል። ሰው የሰማውን ሲናገርና የደረሰበትን ሲናገር ልዩነቱን ጆሮ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ዓመታት ይወስዳል። ዛሬ መጀመር የሚቻለው ቀረጻው ነው። ለዚህ መሬት ምሪት አያስፈልግም፣ መሠረተ ድንጋይም አያስፈልግም። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች፣ ሽማግሌዎቹን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ጥሩ ስልክ፣ የፈቃድ ቅጽ። መጀመሪያ የሚጠየቁት ሽማግሌው አይሁኑ። ለእሳቸው እምቢ ብሎ የነበረው፣ በመጨረሻ «እስቲ ልምከርበት» ያለው ሰው ይጠየቅ፦ ያን ዕለት ምን አሉህ? ቅጂው ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከአካባቢው ውጭ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብም የራሱ ይሰጠው፤ ሐሳቡን ከቀየረ የማስሰረዝ መብቱም ቅጹ ላይ ይጻፍ።